የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በጾም ወራት ጠዋት ቢመገብ ጾሙ ይፈርስበታል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ዕድሜዬ 57 ዓመት ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ሐኪሜ እህል ሳልቀምስ መድኃኒቱን እንዳልወስድ፣ ቁርስም እንዳልዘል አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን ዐቢይ ጾምን ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም የኖርኩ ነኝ፤ አሁን በጠዋት ስበላ ከምእመናን የተለየሁ ይመስለኛል። ጎረቤቶቼም ‹ጾም ራሱ የስኳር መድኃኒት ነው፤ ዝም ብለሽ ጹሚ› ይሉኛል። ደግሞ የሚገርመኝ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ አድሬ ጠዋት ስለካ 160፣ 170 ይላል። ሳልበላ እንዲህ ከሆነ መብላቱ ምን ይጠቅመኛል? ብበላስ በጾም ምን ልብላ? ስቆርብስ እንዴት ላድርግ?»

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልዎ። ዋናውን ላስቀድም፦ በሕመምዎ ምክንያት፣ በንስሐ አባትዎ ፈቃድ ጠዋት ቢመገቡ ጾምዎ አይፈርስም። ከምእመናንም አልተለዩም።

ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ ጠንካራ ነው፤ ዐቢይን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾም ካህን ከሹመቱ ይሻር እስከ ማለት ይደርሳል። ሕመም የከለከለውን ግን ከዚህ ፍርድ ያወጣዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ደጋገመው ሕመሙ ውኃ ብቻ ከመጠጣት ይልቅ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ጢሞቴዎስ እኮ ጳጳስ ነበረ፤ ስለ ጾም የሚነግረው አላጣም።

የጾም ሥርዓታችን ሰዓትም የምግብ ዓይነትም አለው። ከእርስዎ የሚነሣልዎ ሰዓቱ ነው። ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከሉ እንዳለ ይቀጥላል፤ የጾም ምግብ እየተመገቡም ስኳርን በደንብ መቆጣጠር ይቻላልና። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ውስጥ ያሉትን ሰንበታት ያስቡ፤ ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ ጤነኛውም ሰው እስከ ሰዓት አይቆይም። ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ የቀመሰን ሰው «ጾሙን አፈረስክ» የሚለው የለም። እርስዎም በሌላው ቀን በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። ብቻ ይህን በራስዎ አይወስኑት፤ ሐኪሙ ያለዎትን፣ የመድኃኒቶቹንም ስም ይዘው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይምከሩበት። በሰዓቱ ፈንታ የሚሰጡዎት ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ይኖራል፤ ስግደቱም ቢሆን ጉልበትዎና ስኳርዎ የሚችለውን ያህል ነው።

አሁን ወደ ጠዋቱ ቁጥር ልምጣ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን የምነግርዎ ሐኪሞች ሁሉ የሚያስተምሩትን ነው። ሌሊት ስንተኛ ጉበታችን ካጠራቀመው ስኳር እየቀነሰ ወደ ደም ይለቃል፤ አንጎልና ልብ ሌሊትም ይሠራሉና። ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ከፍ ብለው ሰውነትን ለመንቃት ያዘጋጁታል፤ ያን ጊዜ ጉበት ስኳሩን ይጨምራል። የጤነኛ ሰው ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ወዲያው ያስተካክለዋል። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ግን ሰውነቱ ለኢንሱሊን እንደሚገባ አይታዘዝም፣ ቆሽቱም ደክሟል፤ ስለዚህ አፉን ሳይከፍት ስኳሩ ከፍ ብሎ ይነጋል። የእርስዎ 160 ከዚህ ሊመጣ ይችላል። አምሽተው የሚበሉት ከባድ እራትም የራሱን ይጨምራል፤ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ ሁለት እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው ጠዋት የሚያየው ቁጥር አያስደንቅም። ለብዙ ሕሙማን የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው፤ የእርስዎን ልክ ሐኪምዎ ይነግርዎታል።

«ሳልበላ እንዲህ ከሆነ ልተወው» ማለት ግን አያዋጣም። ቁርሳቸውን የዘለሉ የዓይነት ሁለት ሕሙማን ምሳና እራት ሲበሉ ስኳራቸው ቁርስ ከበሉበት ቀን ይልቅ እንደሚወጣ በጥናት ታይቷል። በሌላ በኩል ሰውነት ኢንሱሊንን ለመቀበል የሚያስቸግረው በተለይ በጠዋት ስለሆነ፣ ምሳ ላይ እምብዛም የማይጎዳዎት ዳቦ ቁርስ ላይ ስኳርዎን ሊሰቅለው ይችላል። ስለዚህ ቁርስ ይበላል፤ ምን እንደሚበላ ግን ከሌላው ማዕድ ይልቅ ይመረጣል።

የጎረቤቶችዎን ምክር በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባይ እምብዛም የለውም። ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ያስገድደዋል፤ ሰውዬው በላ አልበላ አይጠይቅም። ኢንሱሊን የሚወጉም እንደዚሁ ናቸው። ይህን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ስኳሩን ከ70 በታች ጥሎ ሰውን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። በአንድ ደብር በጾም ቀን ቅዳሴ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸው እስኪርስ አልቧቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የሚናገሩት አልያዝ ብሎ ሲወድቁ አይቻለሁ። በዙሪያቸው ያሉት «መንፈስ ጮኸባቸው፣ ያዟቸው» እያሉ ጸበል ይረጩ ነበር። አንዲት ነርስ ከኋላ መጥታ ቦርሳቸውን ከፈተች፤ የስኳር መድኃኒት አገኘች። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ፣ መዋጥ መቻላቸውን አይታ፣ ቀስ እያለች አጠጣቻቸው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀና ብለው «የት ነው ያለሁት?» አሉ። ጸበሉን አላቃልልም፤ እምነታችን ነው። ግን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠመዎት ግን በአፉ ምንም አይጨምሩበት፤ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

በጾም ምን ይብሉ? ከቅዳሴ ወጥተን ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ የሚጠብቀንን እናስብ፤ ትኩስ ፓስቲ ወይም ቦምቦሊኖ፣ አጠገቡ ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ። የጾም ነው፣ ሥርዓት አልፈረሰም፤ ለእርስዎ ግን ከዚህ የከፋ ቁርስ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ያህል ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ከጠጡ ነጭ ዱቄቱን ሳንቆጥር ከ20 ግራም በላይ ስኳር በፈሳሽ ገባ ማለት ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ ሆድ ውስጥ አይቆይም፣ ወዲያው ደም ይገባል። አጥሚት፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶና የጭማቂ ቤቱ ስፕሪስ በዚሁ ይመደባሉ። ማርም ያው ነው፤ ንብ ሠራችው ተብሎ ከስኳርነት አይወጣም።

የሚሻለው ጥራጥሬ ነው። ፉል በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ፣ በትንሽ ዘይት፤ ዳቦው ግማሽ ይሁን፣ ቢቻል ካልተነፋ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተጋገረ። ፉል ቤት ሲገቡ እርጎና እንቁላል እንዳይጨመርበት መናገር ብቻ ነው። የሽንብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ፣ ወፈር ያለ ሽሮ ከግማሽ እንጀራ ጋር፣ ከአደረ ምስር ጋር ጎመን፤ እነዚህ ፕሮቲንና አሠር (ፋይበር) ስላላቸው ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ፍርፍር ለሚወዱ ችግሩ መጠኑ ነው፤ አንድ ሳህን ፍርፍር ውስጥ ስንት እንጀራ እንደተቆራረሰ አይታወቅም። «ጤፍ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉትን አይስሟቸው፤ ጤፍ በብረትና በአሠር ሀብታም ቢሆንም እንጀራው ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። ቅንጬ በዘይት ከገንፎ ይሻላል፣ እህሉ ደቆ ስላልተፈጨ፤ እሱም ጥቂት ይሁን፣ አጠገቡ ለውዝ ወይም ተልባ ይኑር። ጎመኑን ወይም ሰላጣውንና ጥራጥሬውን ቀድመው በልተው እንጀራውን ወይም ዳቦውን በመጨረሻ ቢያደርጉ፣ ያው ማዕድ ስኳርን የሚያወጣው ባነሰ መጠን ነው። ቡናና ሻይ ያለ ስኳር፤ ቅርንፉድና ቀረፋ ሲገባበት ምላስ ይለምደዋል። ከቁርስ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል መራመድም ይረዳል።

ለሁሉም ሰው አንድ ልክ የለም። መለኪያው ካለዎት ከቁርስ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ፣ የበሉትንም ከቁጥሩ ጎን ይጻፉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የትኛው ቁርስ እንደሚስማማዎት ከእኔም ከጎረቤትም በተሻለ ያውቁታል፤ ለሐኪምዎም ይጠቅመዋል።

ዝክርና ማኅበር ላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ባለቤቷ ድፎውን ቆርሳ «የመድኃኔ ዓለም ነው፣ ይጨርሱት» ስትል እምቢ ማለት ያስቸግራል። ጸበል ጸዲቁ በቁራሽም በረከቱ ሙሉ ነው። ጣት የሚያህል ቆርሰው በአክብሮት ይቅመሱ፣ የተረፈውን ለነዳያን ይስጡ፤ ጠላው ግን ይቅርብዎ።

ስለ ቁርባኑ፦ በሥርዓታችን የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ ተለይቶ ይቆያል። ግሊቤንክላሚድ ለሚወስድ ሰው ይህ ከባድ ስለሆነ ያለ ዝግጅት አይግቡበት። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚሆን ቆይታው እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይረዝማል፤ እሑድ ግን ቅዳሴው በጠዋት ያበቃል፣ ስለዚህ እሑድን ይምረጡ። የዋዜማውንና የጠዋቱን መድኃኒት መቀነስ ወይም ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በራስዎ አይተዉት። ጠዋት ስኳር ለመለካት ጣት መወጋት ካለብዎም፣ ደም ስለሚወጣ፣ ለንስሐ አባትዎ ቀድመው ይንገሯቸው፤ ሰዓቱንም ቢሆን እንደ ሕመምዎ የሚወስኑልዎ እርሳቸው ናቸው። ስኳር በቦርሳዎ ይኑር፣ አጠገብዎ የሚቆመው ሰውም ሕመምዎን ይወቅ። በመካከል ላብና መንቀጥቀጥ ከጀመረዎት ስኳሩን ሳያመነቱ ይውሰዱ። ያን ቀን አይቆርቡም፤ በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳሉ።

ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ክሊኒክ ቢሄዱ ይመረጣል፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዓይነት ወይም ሰዓት መቀየር ቢያስፈልገው ጊዜ ይኖረዋል። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ።