የወንድሜን ደብተር ልተወው?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ትዳርም ልጅም አልነበረውም። በሕይወት ሳለ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችንን እየዞረ የትውልድ ቆጠራችንን በደብተር ይጽፍ ነበር። ልጨርስለት ብዬ እናቴን ስጠይቃት «ሙት መቁጠር ይብቃን!» ብላ ተቆጣችኝ። እኔም ደብተሩን በገለጥኩት ቁጥር ለቅሶዬ ይመጣል። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ደብተሩን አትተዪው። ለጊዜው ግን እናትሽን ስለ ቅድመ አያቶች አትጠይቂያት። መጀመሪያ ስለ ወንድምሽ ጠይቂያት።

ለምን መሰለሽ? ጎጃም ውስጥ ትውልድ መቁጠር የርስት ጉዳይ ነበር። ርስት በእናትም በአባትም በኩል ስለሚወረስ፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። ርስት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀረ። ቆጠራው ግን ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ለማጣራት አሁንም ይፈለጋል። በዚህ ቆጠራ ውስጥ ሳይወልድ የሞተ ሰው ብዙ ጊዜ አይነሳም። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወረድ ይታለፋል። እናትሽ ይህን ሳታውቀው አትቀርም። አንቺ የአያት ስም ስትጠይቂያት፣ እሷ ልጇ የማይገባበት ቆጠራ ሆኖባት ይሆናል። እሷን ባላናግራትም ቁጣዋ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ ለእሱ ገጽ ክፈቺለት። የክርስትና ስሙ፣ ክርስትና የተነሳበት ደብር፣ ስም ያወጣለት ሰው፣ በልጅነቱ ያስቸግር የነበረው ነገር ሁሉ ይጻፍ። ይህን የምታውቀው እናትሽ ናት። ቡና ሲፈላ፣ ደብተሩን ሳታወጪ ጠይቂያት። ካለቀሰች አብረሻት አልቅሺ፤ ወሬውን ለማስቀየር አትቸኩዪ።

«እርሺው» የሚልሽ አይጠፋም። እኛም የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ በፊት ከሟች ጋር ያለው ትስስር መቆረጥ አለበት እንል ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ትስስሩ መልኩን ቀይሮ ቢቀጥል ጤናማ ነው እንላለን። ከሁለት ዓመት በኋላ ማልቀስም በሽታ አይደለም። ሐዘኑ ዕለት ዕለት እየበረታ እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ከነሳሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ወር በላይ ቆይቶ ኑሮን የሚያውክ ሐዘንን ሕክምና የሚሻ ችግር አድርጎ መዝግቦታል። እንዲያ ከሆነ ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።

እናትሽ ማውራት ከጀመረች በኋላ እሱ ያነጋገራቸውን ዘመዶች አንድ በአንድ ጠይቂ። በስም ቢለያዩ አትከራከሪ፤ ሁለቱንም ጻፊ። እሱ ሲመጣ ምን እንዳጫወታቸውም ጠይቂያቸው። ሽማግሌዎቹ አርጅተዋልና ክረምት ሳይገባ ብትሄጂ ይሻላል።