ለጎል ያቀበለም እኩል ይቆጠርለታል

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በተለይ በሜሪላንድ አካባቢ ላክሮስ፣ ማለትም ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየያዙ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ መጫወት የጀመራችሁ የሀገሬ ልጆች ተጫዋቹን ላይል ቶምፕሰንን በቅጡ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ላይል ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኦኖንዳጋ ብሔር ተወላጅ ሲሆን፣ ከ2012 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ለአልባኒ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል። በአራት የውድድር ዘመን 400 ነጥብ በማስመዝገብም በአሜሪካ ኮሌጆች አንደኛ ዲቪዚዮን የወንዶች ላክሮስ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆኗል። ሰው ይህን ሰምቶ ይደነቅና ያልፋል፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቁጥሩ ዝርዝር ነው። ራሱ ያገባቸው ጎሎች 175 ሲሆኑ፣ የቀሩት 225 ነጥቦች የተመዘገቡለት ጓደኞቹ ላገቧቸው ጎሎች ኳሱን አመቻችቶ በማቀበሉ ነው። በላክሮስ ላገባም ላቀበለም እኩል አንድ ነጥብ ይያዝለታል።

ማቀበል ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። በዚህ ጨዋታ ከጎሉ ጀርባም ሜዳ አለ። አጥቂው ኳሱን በዱላው መረብ ይዞ ከዚያ ሲቆም በረኛው እሱን ለመከታተል ፊቱን ወደ ኋላ ለማዞር ይገደዳል፤ በዚያች ቅጽበት ከፊት ሮጦ የሚገባ ጓደኛ ክፍት ያገኛል። ኳሱ ሯጩ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ መላክ ስላለበት፣ አቀባዩ፣ ተከላካይ በዱላ እየጎሸመውም ቢሆን፣ የእያንዳንዱን ጓደኛ ፍጥነትና የዱላ አያያዝ ማወቅ ይጠበቅበታል።

በ2013 ላይል 113 ነጥብ አግኝቶ ከ1992 ጀምሮ ከቆየው የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን በአንድ ነጥብ ብቻ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በ51 ጎልና በ77 የጎል ኳስ (ለጎል ባቀበላቸው ኳሶች) 128 አደረሰው፤ ታላቅ ወንድሙ ማይልስም 82 ጎል አግብቶ በ119 ነጥብ የቀድሞውን ክብረ ወሰን አለፈ። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ላክሮስ ተጫዋች የሚሸለመው የቴዋራቶን ሽልማትም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ተጫዋቾች፣ ለሁለቱ ወንድማማቾች በጋራ ተሰጠ። ሽልማቱን ያገኙ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተወላጆችም እነሱ ናቸው፤ ጨዋታው ግን ከጥንት የእነሱ ነው፤ ዛሬም በሕዝባቸው ዘንድ የፈጣሪ ስጦታ ተብሎ ይከበራል፣ ለታመመ ሰው ፈውስ ተብሎም ይጫወቱታል።

ብዙዎች የ2014ቱን ዓመት ያወድሳሉ፤ እኔ ግን የ2015ቱን አስበልጣለሁ። ከልጅነት ጀምሮ አብረውት የተጫወቱት ማይልስና የአጎቱ ልጅ ታይ ተመርቀው ሄደዋል። ላይል ግን ከሌሎች አጥቂዎች ጋር ተላምዶ 69 የጎል ኳስ አቀበለ፣ ሽልማቱንም በድጋሚ ብቻውን ወሰደ። እናንተም ትምህርት ቤት ወይም ቡድን ስትቀይሩ አዲሶቹ ጓደኞቻችሁ ኳስ በየትኛው እጅ መቀበል እንደሚመቻቸው በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃችሁ እወቁ።

የላይልን የ225 የጎል ኳስ ክብረ ወሰን በ2019 ወደ 231 ያሳደገው ፓት ስፔንሰር የባልቲሞሩ ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበር። ሜዳው ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ስለሆነ ሄዳችሁ ጨዋታ ተመልከቱ፤ ዓይናችሁንም ከጎሉ ጀርባ በሚቆመው አጥቂ ላይ አድርጉ።