ሐዲዱ እኩል ከሆነ ባቡሩ ለምን ዝም ብሎ አያልፍም?

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት የለጠፉትን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት አነበብኩት። ተማሪዎችዎ «የሁለት አገር ሐዲድ ወርዱ እኩል ከሆነ ባቡሩ ድንበሩን ዝም ብሎ ለምን አያልፍም? አውሮፓ ውስጥ አንድ ወጥ የምልክት ሥርዓት አለ የሚባለውስ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውዎታል። ከሥር የተሰጡት መልሶች አብዛኛዎቹ ስለ ጉምሩክና ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። ስህተት አይደሉም፤ ዋናውን ግን አልነኩትም። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ጀርመን ውስጥ፣ አኸን በምትባል ከተማ በሎኮሞቲቭ ጥገና ሠርቻለሁ። አኸን ቤልጂየምና ሆላንድ ጥግ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እንጀራ የበላሁትም በዚሁ በእርስዎ ጥያቄ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ግን ከጣርማ በር ልነሳ። በጉርምስናዬ የኤንትሬ ረዳት ነበርኩ። አንድ ቀን ከሮቢት ሽንኩርት ጭነን ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንጨርስ ጉም ወርዶ የዋሻው አፍ እንኳን አይታይም። ጣሊያን የሠራው ያ ዋሻ ለሁለት ከባድ መኪና እንደማይመች ያውቃሉ። ከውስጥ አንድ መኪና ሁለት ጊዜ መብራት አበራና አጠፋ። የእኛ ሾፌር «ግባ ብሎኛል» ብሎ ገባ። ያኛው ለካ «ቆይ፣ እየመጣሁ ነው» ማለቱ ነበር። መሀል ላይ ተፋጠጥን። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ ወርጄ፣ ኋላ ኋላ እያልን ስንወጣ የካሶኒው ጠርዝ የዋሻውን ግድግዳ ይፍቅ ነበር። ሁለቱ ሾፌሮች ውጭ ወጥተው ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በአንደኛው አካባቢ ልማድ ሁለቴ ማብራት «እለፍ» ነው፣ በሌላኛው «ቁም» ነው።

የባቡር ምልክት ጣጣም ይኸው ነው። ልዩነቱ ባቡር መሪ አዙሮ አይሸሽም፣ ፍሬን ቢይዝም ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሳይሄድ አይቆምም። ስለዚህ ነጂው ቀዩን ባያይ እንኳን ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ ያስፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ እያንዳንዱ አገር ይህን መሣሪያ ለየብቻው ፈለሰፈ። ጀርመን የራሱ፣ ፈረንሳይ የራሱ፣ ቤልጂየም የራሱ፣ ሆላንድ የራሱ፤ ሲቆጠር ከ20 በላይ ሆነ። እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ታሊስ ይባል የነበረው፣ ፓሪስን ከብራስልስ፣ ከኮሎኝና ከአምስተርዳም ጋር የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር ሰባት ዓይነት የቁጥጥር መሣሪያ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። ሰባት አስተርጓሚ አስከትሎ እንደሚጓዝ ባለሥልጣን ማለት ነው። እያንዳንዱ አንቴናውን ከባቡሩ ሆድ ሥር ይፈልጋል፣ በነጂው ክፍል ቦታ ይፈልጋል፣ ጥገና ይፈልጋል፤ አንዱ ሲታመም ሌሎቹ ስድስት ጤነኞች ቢሆኑም ባቡሩ አይወጣም።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ከዚህ ሲነጻጸር ቀላል ነው። ጀርመን 15,000 ቮልት ተለዋጭ፣ ቤልጂየም በነባሩ መስመሯ 3,000 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ትጠቀማለች፤ ሁለቱንም የሚበላ ሎኮሞቲቭ መሥራት ከባድ አይደለም። በአኸን ባቡር ጣቢያ እንዲያውም ከላይ ያለው ሽቦ ኃይሉ የሚቀያየርባቸው ሐዲዶች አሉ። ቮልት ቮልት ነው፣ ትርጉም የለውም። ምልክት ግን ትርጉም ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ለፈጣን ባቡሮች የመጀመሪያውን የመናበብ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከዚያ የተወለደው፣ ተማሪዎችዎ የጠየቁት አንድ ወጥ ሥርዓት ኢአርቲኤምኤስ ይባላል። ውስጡ ሁለት ነገር ነው፤ ባቡሩን የሚቆጣጠረው ኢቲሲኤስ፣ እና ለባቡር ብቻ የተመደበ የሞባይል ሬዲዮ።

ኢቲሲኤስን ለተማሪዎችዎ ሲያስረዱ ከባሊዝ ይጀምሩ። ባሊዝ ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ፣ ጠፍጣፋ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ሳጥን ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በብሎን ይታሰራል። የሚናገር የኪሎ ሜትር ድንጋይ ብዬ ነው የማስበው። ቋሚ መልእክት ያለው ባሊዝ ባትሪም ሽቦም የለውም። ባቡሩ በላዩ ሲያልፍ ከሆዱ ሥር ያለው አንቴና በ27 ሜጋኸርዝ ኃይል ይልክለታል፣ እሱም ነቅቶ በ4.2 ሜጋኸርዝ ገደማ «ይህ ቦታ እዚህ ነው፣ ፊትህ ያለው ቁልቁለት ይህን ያህል ነው፣ የተፈቀደልህ ፍጥነት ይኸው» ብሎ ይመልሳል። ረጅሙ መልእክት 1,023 ቢት ነው፤ የሚላከው በሰከንድ 564,480 ቢት ፍጥነት ነው። አንቴናው መልእክቱን የሚሰማው ለአንድ ሜትር ያህል ርቀት ነው እንበልና፣ ባቡሩ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ቢበር ስንት ጊዜ ደጋግሞ ይሰማዋል? ክፍል ውስጥ ያሠሯቸው፤ ስድስት ጊዜ ገደማ ይመጣላቸዋል።

እኔ በየቀኑ የምሠራው ይህን ነበር። ከሎኮሞቲቩ ሥር ባለው የጥገና ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ፣ ቀና ብዬ የአንቴናውን ብሎን በመፍቻ አጠብቃለሁ፣ ጭቃና የብረት ብናኝ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ የመሞከሪያ ባሊዝ ከሥሩ አስጠግቼ ላይኛው ሰው ስክሪኑ ላይ ያነበበውን ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲነግረኝ እጠብቃለሁ። ክረምት ላይ ያ ጉድጓድ ከመንዝ ሌሊት ይብሳል።

በኢቲሲኤስ ደረጃ 1 ባሊዙ ከሐዲዱ ዳር ካለው የምልክት መብራት ጋር ተያይዞ የመሄጃ ፈቃዱን ይሰጣል። በደረጃ 2 ፈቃዱ ከመቆጣጠሪያ ማዕከል በሬዲዮ ይመጣል፣ የሐዲድ ዳር መብራት ባይኖርም ይቻላል። በሁለቱም ባቡሩ ላይ ያለው ኮምፒውተር ክብደቱን፣ ቁልቁለቱንና የፍሬኑን ጉልበት አስልቶ ነጂው ከዘገየ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ ጥሩ ሾፌር በልቡ የሚያሰላው ስሌት ነው።

አሁን ማንም ያልነገረዎትን ልንገርዎት። «አንድ ወጥ» የተባለውም ቀበልኛ አለው። አንድ ሎኮሞቲቭ ወደ እኛ መጣ፤ አንቴናው ደኅና፣ ስክሪኑ ደኅና፣ ሬዲዮው ደኅና። ድንበሩን ግን እንዲሻገር አልተፈቀደለትም። ወዲያ ማዶ ያለው መስመር በአዲሱ የኢቲሲኤስ ዕትም ተሠርቷል፣ ሎኮሞቲቩ የያዘው የቀድሞውን ነው። አዲሱ የድሮውን ያነባል፣ የድሮው አዲሱን አያነብም። ባለቤቶቹ በየሳምንቱ እየደወሉ «ምኑ ነው የተበላሸው?» ይሉናል፤ ምንም አልተበላሸም እንላለን። የሚያምነን አልነበረም።

ሁለተኛው ችግር ኢቲሲኤስ አልቆ የድሮው ሥርዓት የሚጀምርበት መጋጠሚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2013 በስፔን ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ አቅራቢያ አንድ ፈጣን ባቡር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚፈቀድበት መታጠፊያ ላይ በ179 ገብቶ ወደ 80 ሰዎች ሞቱ። ነጂው ከባቡሩ አስተናባሪ ጋር ስልክ ላይ ነበር። ኢቲሲኤስ ከዚያ መታጠፊያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀደም ብሎ ያልቅ ነበር፤ በዚያ ባቡር ላይማ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። የቀረው የስፔን የድሮ ሥርዓት ቀይ መብራት ያለፈን ባቡር ያቆማል እንጂ በዚያ ቦታ ፍጥነትን አይከታተልም ነበር። ስለዚህ «መስመሩ ኢቲሲኤስ አለው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከየት እስከ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም በቻይና ተቋራጮች፣ በቻይና ደረጃ ነው የተሠራው፤ ደወሌ ላይ ይህ ችግር ያልገጠመን ለዚህ ነው። በእናንተ በኩል የሚያልፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ መስመር ደግሞ የቱርክ ተቋራጭ ሥራ ነው። የሁለቱም ወርድ 1,435 ሚሊሜትር ነው፣ የሁለቱም ኃይል 25,000 ቮልት ነው፤ አዋሽ ላይ ይገናኛሉ። እንግዲህ የተማሪዎችዎ ጥያቄ ድንበር ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፣ አዋሽ ላይ ይነሳል። የቻይናው የባቡር ቁጥጥር ሥርዓት ሦስተኛ ደረጃ ከአውሮፓው ኢቲሲኤስ ደረጃ 2 ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ባሊዝም ሬዲዮም አለው። አማርኛና ትግርኛ ፊደል ይጋራሉ፣ ያ ማለት ግን የመቀሌ ልጅ የጻፈውን የአንኮበር ልጅ አንብቦ ይረዳዋል ማለት አይደለም። ጎረቤቶቻችንን ይመልከቱ፤ የኬንያ አዲስ መስመር በቻይና ደረጃ ተሠርቶ በናፍጣ ይሄዳል፣ የታንዛኒያው በኤሌክትሪክና በኢቲሲኤስ ደረጃ 2 ይሄዳል። ወርዳቸው አንድ ነው። ነገ ሐዲዶቹ ቢገናኙ ድንበር ላይ ሎኮሞቲቭ መቀየር ወይም ሁለት መሣሪያ መጫን ግድ ነው።

የትኛው ይሻላል ብለው ቢጠይቁኝ፣ የትኛውም ይሁን እላለሁ። ቻይናውም አውሮፓውም በደንብ ከተጠገነ ሰው ያደርሳል። የሚያስከፍለው ምርጫው ውል ሲፈረም ተረስቶ ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ መነሳቱ ነው። ዕትሙ ጭምር በጽሑፍ መስፈር አለበት፣ ያንን ሎኮሞቲቭ ያስታውሱ።

ለተማሪዎችዎ ማሳያ ከፈለጉ አንድ የእጅ ባትሪና ሁለት ልጆች ይበቃሉ። አንዱን ለብቻ ጠርተው «ሁለቴ ከበራ እለፍ» ይበሉት፣ ሌላውን «ሁለቴ ከበራ ቁም»፤ ከዚያ በጠረጴዛዎቹ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ፊት ለፊት ይልቀቋቸው። ለጥምቀት ወደ ሮቢት እወርዳለሁ፤ ጋቢዬን ጣርማ በር ላይ አውልቄ፣ የአኸን የሥራ ደብተሮቼን ይዤ እመጣለሁ። ባትሪ ካጣችሁም የድሮዋ የረዳትነቴ ባትሪ እስካሁን ትሠራለች።