ጋልቦ የመጣ ፈረስ ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ጥር 23፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል፣ እንጅባራ ላይ ዳማ ፈረስህን ስትጋልብ ዋልክ። ስትወርድ ላቡ አረፋ ሆኖ ከብብቱ ይንጠባጠባል፣ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። አንድ ሽማግሌ «ውሃ እንዳታሳየው፣ በቁሙ ይደርቅብሃል» አሉህ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ባልዲ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ሊደፋበት መጣ። አንተ መሃል ላይ ግራ ገባህ። ማታም ሲንቀጠቀጥ አየሁት ብለሃል። «ማንን ልስማ?» ነው ያልከው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፈረስ ከሰው እኩል በሚታይበት ቤት ነው ያደግኩት፤ አሁንም ሁለት አሉኝ። የምነግርህ በእጄ ያየሁትንና ሐኪሞችን ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው። ባጭሩ፣ ውሃ ስጠው። የጎረምሳውንም ባልዲ አትመልሰው። ሁለቱንም ግን ፈረሱን እያራመድክ ነው የምታደርገው። ሽማግሌው «አቁመህ እንዳታስረው» ብለውህ ከነበረ ደግሞ እሱ ላይ እጅ ነስተህ ስማቸው።

እኔም «የጋለ ፈረስ ውሃ አይጠጣም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ምን እንዳስከፈለኝ ልንገርህ። የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ሙሽራ አጅበን ስንሄድም ስንመለስም ሽምጥ ነው የጋለብነው። እልልታው አለ፣ ጉራው አለ፣ ማን ይቀድማል አለ። ፈረሴ ጠዋት ወንዝ ላይ ከጠጣ ወዲህ ጠብታ ውሃ አልቀመሰም። ዳሱ ጋ እንደደረስን ከነኮርቻው ባሕር ዛፍ ላይ አሰርኩት። ውሃ ከለከልኩት። «ደክሞታል፣ ይካስ» ብዬ ደግሞ ግማሽ ቁና የሚሆን ገብስ ፊቱ ላይ አፈሰስኩለት። ከዚያ ጠላዬን ልጠጣ ገባሁ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ መጥቶ ቀሰቀሰኝ። በባትሪ ሳየው ወድቋል። ይነሳል፣ መሬቱን በፊት እግሩ ይጭራል፣ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፣ መልሶ ይወድቃል። ጆሮውን ስነካው በረዶ ነው። ጆሮዬን ሆዱ ላይ ለጠፍኩ። የጤነኛ ፈረስ ሆድ ሁልጊዜ ያጉረመርማል፤ የሱ ጭጭ ብሏል። ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም፤ የበላው ካልወረደለት ሌላ መውጫ የለውም። እስኪነጋ ድረስ እየጎተትኩ ሳዞረው አደርኩ። ሐኪሙ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ውሃ የጠጣው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ስነግረው ምንም አላለኝም፤ አየት አድርጎኝ ወደ ሥራው ሄደ። በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ውሃና ዘይት ሰጠው። ዳነ። ከዚያ ወዲህ የጋለ ፈረስ ውሃ ሲከለከል ሳይ አፌን መያዝ አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረስ ሲጋልብ ጡንቻው ከሚያቃጥለው ጉልበት ለሩጫው የሚውለው ከአራት አንዱ ያህል ቢሆን ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። ያንን የሚያስወጣው ከሁሉ በላይ በላብ ነው። በሞቃት ቀን ጠንክሮ የሠራ ፈረስ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አስበው፤ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። የሱ ላብ ደግሞ እንደኛ አይደለም፣ ጨው ይበዛዋል። ውሃውና ጨው አብረው ስለሚወጡ ደሙ «ጠማኝ» የሚለውን ምልክት ቶሎ አይሰጥም። ሰውነቱ ደርቆ እያለ ባልዲውን አሽትቶ የሚተው ፈረስ አይተህ ይሆናል። እኔ እንዳየሁት ፈረስ አጥብቆ የሚፈልገው እንደወረድክለት ወዲያው ነው። ያኔ ከልክለህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብታቀርብለት ፊቱን ያዞርብሃል።

ታዲያ ያ ወሬ ከየት መጣ? እኔ የሚመስለኝ፣ እንደኔው ፈረስ የደረቀና የተጎዳ ፈረስ መጨረሻ ላይ ውሃ ጠጥቶ ሲወድቅ ሰው ያየው ውሃውን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሙሉ ቀን ማን ይቆጥራል!

አጠጣጡ ላይ ግን እኔም ጥንቃቄ አለኝ። ልጓሙን አወልቃለሁ። አስር ጉንጭ ያህል ይጠጣ፣ አንድ ዙር አራምደዋለሁ፣ እንደገና ይጠጣ። እንዲህ እያልኩ እስኪበቃው። ይህ ሽማግሌዎቹንም ያረጋጋል፤ ቀስ ብለህ ስትሰጥ ሲያዩ አይቆጡም። ሌላ ዘዴ አለችኝ። ጥር ላይ እኛ ሀገር የምንጭ ውሃ ጥርስ ያማል፤ እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ፀሐይ ላይ እተዋቸዋለሁ። ከሰዓት ለብ ብለው ይጠብቁኛል፤ ፈረሱም በደንብ ይጠጣል።

አሁን ወደ መራመዱ። እኛ ፈረሰኞች ትልቁን ጥፋት የምናጠፋው እዚህ ነው። ሽምጥ ጋልበን መጥተን እንግዶች የተቀመጡበት ድንኳን ፊት ልጓሙን ጨምድደን ቀጥ እናደርገዋለን። ጭብጨባ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበራችን በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋን ፈረሶች ውለታ ለመዘከር ነው ይባላል። እኛ ግን የራሳችንን ፈረስ ፀሐይ ላይ ገትረን የባለሥልጣን ንግግር እንሰማለን። ስንት ሰዓት እንደሚረዝም ታውቀዋለህ።

ፈረስ ሲሮጥ ደሙ ወደ ጡንቻው ይሄዳል። እግሩ ሲንቀሳቀስ ነው ያ ደም ተገፍቶ ወደ ልብ የሚመለሰው። ድንገት ካቆምከው ደሙም ሙቀቱም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻውን ጥቂት መቶ ሜትር በሶምሶማ፣ ከዚያ በእርምጃ ጨርሰው። ውረድለት። የሆድ ማሰሪያውን ላላ አድርግ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ አራምደው፣ ከዚያ ኮርቻውን ከነምንጣፉ አውርድ። ጀርባው ራሱ ትልቅ የሙቀት መውጫ ነው፤ ከድነህ አትያዘው። ጥላ ፈልገህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእጅህ እየሳብክ አዙረው።

ውሃ መድፋቱስ? «ቀዝቃዛ ውሃ ጡንቻውን ያሳስረዋል» ይባላል። የአትላንታው ኦሎምፒክ በ1996 እ.ኤ.አ. ሊካሄድ ሲል የከተማዋ ሙቀትና ወበቅ ፈረሶቹን እንዳይገድላቸው ተሰግቶ ብዙ ተጠንቶበታል። የተገኘው ነገር፣ በጣም የጋለን ፈረስ በቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ጡንቻውን እንደማይጎዳውና ፈጥኖ እንደሚያበርደው ነው። ስለዚህ ቆዳው የሚያቃጥል፣ ትንፋሹ አልቆም ያለ ፈረስ ላይ ጎረምሳው ልክ ነው። አንገቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ታፋው ላይ፣ በውስጥ በኩል እግሮቹ መሃል ድፋ። ደም ስሮቹ ቆዳው ስር የሚታዩበትን ቦታ አትርሳ። አንዴ ደፍተህ አትተወው፤ ደጋግም። በባልዲ አንዴ ገልብጦ ጀግና ከመሆን በጣሳ ሃያ ጊዜ ማፍሰስ ይሻላል፣ ውሃውም ይበረክታል። ጭንቅላቱ ላይ አትድፋ፤ ጆሮው ውስጥ ከገባ ይጠላሃል።

ጎረምሳው ሊስት የሚችለው ሰዓቱን ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነፋሱ ሲመጣ፣ ደረቱን ስትነካው ከቀዘቀዘ ባልዲውን አስቀምጥ። ያኔ የሚያስፈልገው ማድረቅ ነው። በእጅህ ጠርዝ ውሃውን ከጠጉሩ ጭመቅለት፣ በደረቅ ሳር ጉንጉን አድርገህ እሸው፣ ጋቢም ይሁን ንጹሕ ማዳበሪያ አልብሰው። ማታ ሲንቀጠቀጥ አየሁት ያልከው እርጥቡን ብርድ ላይ አድሮብህ ይመስለኛል። የጋለ ፈረስን ግን ማልበስ አይገባም፤ መጀመሪያ ይብረድ።

መብረዱን በዓይን አትገምት። ሁለት ጣትህን ከመንጋጋው አጥንት ስር አድርግ፤ እንደ ገመድ የምትንሸራተት ደም ስር አለች። 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። በረጅም ርቀት ውድድር ላይ ፈረስ እንዲቀጥል የሚፈቀድለት ምቱ ወደ 64 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው፤ እኔም ይህችን ቁጥር ይዣለሁ። ግማሽ ሰዓት አራምደኸው፣ ውሃ ደፍተህበት፣ አሁንም ከ64 በላይ ከሆነ ነገር አለ። ድዱንም በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። ቴርሞሜትር ካለህ ያረፈ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከግልቢያ በኋላ 40 እና ከዚያ በላይ ቢሆን አይግረምህ፤ መውረዱን ተከታተል።

ገብሱን ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆየው። እስከዚያ ድርቆሽ ይቆርጥም። ቀጥሎ ፍሩሽካ በውሃ ረጠብ አድርገህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምርበት፤ ከጎኑ ግን ውሃ አይጥፋ። አሞሌ ካገኘህ በረቱ ላይ ስቀልለት፣ እንደፈለገው ይልሳል።

አንድ ነገር ላይ ብቻ መራመዱን እርሳው። የኋላ እግሩ ከተገተረ፣ ታፋው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ መራመድ እንቢ ካለ፣ ሽንቱ ደግሞ እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ባለበት ይቁም። ጡንቻው ራሱ እየተጎዳ ነው፤ ብትጎትተው ታብስበታለህ። አንድ የጋሪ ፈረስ እንዲህ ሆኖ ባለቤቱ «ይፍታታ» ብሎ እየገረፈ ሲነዳው አይቻለሁ። ውሃ አቅርብለት፣ ሐኪም ጥራ። የሆድ ቁርጠት ምልክት ካየህም እንደዚሁ ሐኪም፤ እንደኔ እስኪነጋ አትጠብቅ።

በማግስቱ ጠዋት ጥብቅ አድርገህ ከማሰር ልቀቀውና ሲግጥ ይዋል። ከዚያ በፊት አራቱንም እግር በእጅህ ከጉልበት ወደ ታች ዳስስ። አንዱ ከሌሎቹ ከሞቀ ወይም ካበጠ ጅማቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሰኮናውን አንስተህ ጠጠር ፈልግ። ጀርባውን ኮርቻው ባረፈበት ቦታ በጣትህ ጫን ጫን አድርገው፤ ጎንበስ ካለብህ ኮርቻው በልቶታል፣ ሳይድን አትጫንበት።

ዛሬ ማታ በረት ውስጥ ተረጋግቶ ሲቆም ምቱን ቆጥረህ እዚሁ ጻፍልኝ። የዳማህን የእረፍት ቁጥር ካወቅን የሚቀጥለውን እናያለን።