ከአዴሌድ ቅርብ የወንዝ ዳር ከተማ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ከአውስትራሊያዋ አዴሌድ ሳትርቂ፣ ልጆች ይዘሽ በቀን ደርሰሽ የምትመለሺበት የወንዝ ዳር ከተማ ጠይቀሻል። እኔ ማነምን እላለሁ። መሪ ወንዝ ዳር ናት፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዋናው መንገድ ጀመርኩት ስትዪ ያልቃል። ታሪኳ ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1853 ዊሊያም ራንደል የመሪ ወንዝን የመጀመሪያ የእንፋሎት ጀልባ፣ «ሜሪ አን»ን፣ ወንዙ ላይ ያሳረፈው እዚሁ አካባቢ ነው። ቦይለሯ (ውኃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ነበር። እንፋሎቱ ሲበረታ ጎኑ እየተነፋ አስቸገረ፤ በሰንሰለት ጠፍረው ጉዟቸውን ቀጠሉ! (እኔ ብሆን ዘልዬ እወርድ ነበር።) ቦይለሩ ዛሬም ሙዚየሙ ውስጥ አለ፤ ልጆቹን እሱ ጋ ውሰጃቸው። በ1897 የተሠራችው የእንፋሎት ጀልባ «ማሪዮን»ም እዚያው ቆማለች። አንዳንድ ጊዜ ሰው ጭና ስለምትወጣ ቀኑን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ወንዙን መሻገር ከፈለግሽ ድልድይ አትፈልጊ። በገመድ የሚሳብ ፌሪ መኪናሽን ጭኖ በነፃ ያሻግርሻል፤ ሌሊትም ይሠራል። ለልጆች ከሁሉም የሚጥማቸው ይኼ ይመስለኛል።

ጎርፉን ፈርተሽ ከሆነ፣ ከ1956ቱ ወዲህ ከባዱ በ2022 መጨረሻ የመጣው ነው፤ ወንዝ ዳር ያለውን መናፈሻ ውጦት ነበር። እዚህ ጎርፍ ከላይ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ቀድሞ ይታወቃል። ይልቅ ዋና ላይ ተጠንቀቂ፦ ውኃው ድፍርስ ነው፣ ሥር የሰመጠ ግንድ አይታይም።