እያጠባሁ ላረግዝ እችላለሁ ወይ?

እህቴ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ! «የ3 ወር ልጅ እያጠባሁ ነው፣ የወር አበባዬም አልመጣም፤ መከላከያ ያስፈልገኛል?» ብለሻል።

ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አብረው ሲሟሉ ነው። ልጁ 6 ወር ያልሞላው፣ ሌትም ቀንም ጡት ብቻ የሚጠባ፣ የወር አበባሽም ያልተመለሰ መሆን አለበት። ሦስቱም ካሉ ከ100 እናቶች የሚያረግዙት ከ2 አይበልጡም። አንዱ ከጎደለ ግን መተማመኛ የለም። ጠዋት ወጥተሽ ማታ የምትገቢ ከሆነና ቤት የላም ወተት ወይም አጥሚት የሚሰጡት ከሆነ «እያጠባሁ ነው» ማለት አይበቃም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደግሞ እንቁላል ከወር አበባ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ደም ሳታዪ ልታረግዢ ትችያለሽ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ማጥባትንና የቤተሰብ ምጣኔን አብረው ማስተማራቸው ትክክል ነው።

መከላከያው ወተቴን ያደርቅብኛል ብለሽ አትፍሪ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ የሦስት ወሩ መርፌና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ለምታጠባ እናት ይሆናሉ። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል ግን ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ይቆይ። እኔ ብሆን ከሌሎቹ አንዱን ለመጀመር 6 ወሩን አልጠብቅም። የ14 ሳምንት ክትባቱን ስታስከትቢ እዚያው ጠይቂያቸው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነፃ ነው።