ከታጁራ የመጣው ብርቱካናማ ባክቴሪያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ ባዮሎጂ እማራለሁ። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በሃይላንድ ውሃ ቀድቶ አመጣልኝ። ሳሳድገው ብርቱካናማ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) አወጣ። 16ኤስ ጂኑን አስነበብኩ፤ ከቅርብ ዘመዱ ጋር 98.2 በመቶ ይመሳሰላል አሉኝ። ጓደኞቼ «አዲስ ዝርያ አገኘሽ!» ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነስ በእናቴ ስም ልጠራው እችላለሁ?
(ተማሪ፣ ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ ጓደኞችሽ ትንሽ ቸኩለዋል። ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም።

16ኤስ የባክቴሪያን ዝምድና ለማወቅ የምናነበው ጂን ነው፤ ርዝመቱ ወደ 1500 የዲኤንኤ ፊደል ነው። ሁሉም ባክቴሪያ ስላለው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ድሮ አንድን ዝርያ ከሌላው የሚለየው ድንበር 97 በመቶ ነበር፤ አሁን ብዙዎች የሚይዙት 98.7ን ነው። ያንቺ ከዚያ በታች ስለሆነ መከታተሉ ያዋጣል። ግን ስንት ፊደል ነው የተነበበው? 700 ብቻ ከሆነ ብዙም አትመኚው። የተነጻጸረውስ ከማን ጋር ነው? ዳታቤዙ ስም በሌላቸው ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው። መነጻጸር ያለበት ስም ከወጣላቸው ዝርያዎች መለኪያ ናሙና፣ «ታይፕ ስትሬይን» ከምንለው ጋር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጠርሙሱ ነው። ከጅቡቲ ጅማ ድረስ በመኪና ሲንገላታ የመጣ ሃይላንድ! ያ ብርቱካናማ ነገር የባሕር ነው ወይስ የወንድምሽ እጅ? ይሄን ጨው ያወጣዋል። መጀመሪያ ነጠላ ኮሎኒ እያነሳሽ ደጋግመሽ አጥሪው። ከዚያ አንዱን ሚድያ (ማሳደጊያ ምግብ) ያለ ጨው፣ ሌሎቹን በ1፣ በ3፣ በ5 እና በ8 በመቶ ጨው ሥሪ። የባሕር ውሃ በአማካይ 3.5 በመቶ ነው። ያለ ጨው እምቢ ብሎ በ3 ላይ ከፈነጨ፣ የባሕር ልጅ ነው ብለሽ ተስፋ አድርጊ። ያለ ጨውም እኩል ከበቀለ ጠርጥሪ። ደግሞ በወጥ ቤት ጨው ብቻ እንዳትገላገይ፤ ማግኒዚየምና ካልሲየም ካላገኙ የማይነቃነቁ አሉ።

ሌላ እኔ የምወደው ፈተና አለ። ከኮሎኒው ትንሽ ጭረሽ ስላይድ ላይ አድርጊና 20 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጊበት። (ጓንትና መነጽር አትርሺ፣ ያቃጥላል።) ዓይንሽ እያየ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቡኒ ከዞረ፣ ፍሌክሲሩቢን የሚባል ቀለም አለው። ይሄ ባክቴሮይዴቴስ ወደሚባለው ጎራ ይጠቁምሻል። ካልዞረ ግን ከዚያ ጎራ አይደለም ማለት አይደለም፤ ካሮቲኖይድ የሚባል ሌላ ቀለም ብቻ ያላቸውም ብዙ ናቸው።

ቁርጡን የሚነግርሽ ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም ዲኤንኤው በሙሉ ነው። ከቅርብ ዘመዶቹ ጂኖም ጋር ያለው አማካይ መመሳሰል ከ95 እስከ 96 በመቶ ካለው ድንበር በታች ከወረደ ሌላ ዝርያ ነው። የስብ አሲዱን፣ የሚያድግበትን ሙቀትና የማይክሮስኮፕ መልኩንም ትጨምሪበታለሽ፤ ያ የተለመደ ሥራ ስለሆነ አማካሪሽ ያሳዩሻል።

ከዚያስ? ስሙ እንዲጸና ሕያው ባክቴሪያው በሁለት የተለያዩ አገሮች ባሉ ማከማቻዎች መቀመጥ አለበት፤ ለምሳሌ ጀርመን ዲኤስኤምዜድ እና ጃፓን ጄሲኤም። ከ2022 ወዲህ በጂኖም ብቻ ስም የሚያወጣ «ሲክኮድ» የተባለ ሌላ መንገድም አለ። ያንቺ ዲሽ ላይ እያደገ ስለሆነ ግን የቀድሞውን መንገድ ያዢ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ባሕሩ የሰው አገር ነው። ወንድምሽን ማንም «ምን ትቀዳለህ?» አላለው ይሆናል፤ አንቺን ግን ፈቃድ ይጠይቁሻል። ከአማካሪሽ ጋር ሆነሽ ጅቡቲ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር ተነጋገሪና ናሙናው በወግ እንደገና ይቀዳ። የመጀመሪያውን ልምምድ ቁጠሪው።

ስም ማውጣቱን በተመለከተ፣ በሰው ስም መሰየም ይቻላል፤ የላቲን ሰዋስው እንዲከተል ብቻ ነው። እኔ ብሆን ግን ቦታውን ነው የማስቀድመው፣ «ታጁሬንሲስ» እንደማለት። ስሙን ያየ ሁሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ለእናትሽ ነጠላ ግዢላት።

እስከዚያው ዲሹን ፍሪጅ ውስጥ ጥለሽው እንዳትሄጂ። 20 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ አድርጊና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጪው። በሁለት የተለያዩ ማቀዝቀዣዎች ቢሆን ጥሩ ነው፤ የጅማን መብራት ታውቂዋለሽ።